ታቦት ፊት የተነጠፈው ጨርቅ

“እንዳይጥል! እንዳይጥል በሉት!” አሥር አለቃ ማሩ ሬዲዮው ላይ ጮኸ።

ጩኸቱ እስኪደርስ ግን መንገድ ነበረው። ማሩ ከዳባት በላይ ካለው ተራራ ሆኖ ለጎንደር ይናገራል፤ ጎንደር ደግሞ ለአብራሪው ያቀብላል። አብራሪው ያን ጊዜ ከማሩ አናት በላይ እየዞረ ነበር። ድንጋይ ቢወረውርለት ከመልእክቱ ቀድሞ በደረሰ።

ጥፋቱ የራሱ የማሩ ነው። ስንቅ የሚጣልበትን ቦታ ለአብራሪው የሚያሳየው ብርቱካናማ ጨርቅ ተራራው ላይ፣ ከወታደሮቹ ድንኳን አጠገብ መነጠፍ ነበረበት። ዛሬ ግን ኅዳር ሚካኤል ነው። መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ በማለዳ መጥተው፣ “ታቦቱ ሲወጣ የምናነጥፈውን ምንጣፍ አይጥ በላብን” ሲሉት፣ ሚካኤል ክርስትና የተነሣ ልጅ እንዴት እንቢ ይበል? አውሮፕላኑ የሚመጣው ነገ ነው ብሎ ጨርቁን አዋሳቸው። አውሮፕላኑ ደግሞ ነገ ደመና ይሆናል ተብሎ ዛሬ ከተፍ አለ።

ከረጢቶቹ ከተራራው ሥር፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ ላይ ወረዱ። ሰዉ እልል እያለ ተበታተነ። ደግነቱ ማንም አልተጎዳም፤ አንዱ የዱቄት ከረጢት ግን ፈንድቶ ካህናቱን ከነጢማቸው አነጣቸው። ጎንደርም፣ “ነግረነዋል፤ ጥሎ ጨርሷል” አለች።

ማሩ ሬዲዮውን በጀርባው አዝሎ ቁልቁል ሮጠ። መሪጌታ ከከረጢቶቹ ፊት ቆመው ጠበቁት።

“መሪጌታ፣ ስንቃችንን ይስጡኝ። ጓዶቼ ቆሎ እየቆረጠሙ ነው የሰነበቱት።”

“ምነው ልጄ? ታቦት ፊት የወደቀ የታቦቱ ነው። ስለት ነው።”

“የመንግሥት ነው እንጂ!”

“መንግሥትስ ቢሆን አይሳልም?”

ሬዲዮው ተንጫረረ። ጎንደር ያለው አዛዡ ሻምበል ነበር። የአብዮቱን ጨርቅ ለታቦት አንጥፎ መገኘት በዚያ ዘመን የሚያሳስር ነገር ነው።

“ማሩ! አብራሪው ምን እንዳለ ታውቃለህ?”

“አላውቅም፣ ጓድ ሻምበል።”

“በአዲሱ ሜዳ በኩል ሲመጣ የገደሉ ነፋስ አላንገላታውም። መንገዱም አጭር ነው፣ ነዳጅ ተርፎታል። ከእንግዲህ የድሮውን መስመር ትተን በዚህ እንሂድ እያለ ነው። ሸጋ ቦታ መርጠሃል! ለካርታው ስሙን ንገረኝ።”

“አብዮት ሜዳ” የሚለው ስም ማሩ ምላስ ጫፍ ላይ ደረሰ። እንዲህ ቢል ሻምበሉ ደስ ይለዋል፣ ነገሩም ተድበስብሶ ይቀራል። መሪጌታ ግን ሁሉንም ሰምተዋል።

“የባለቤቱን ስም ከጠራህ ከረጢቶቹን ውሰድ” አሉት፣ ዱቄቱን ከቅንድባቸው እየጠረጉ። “የፈሰሰው ለእኛ ይበቃል።”

“ብታሰርስ?”

“ስንቅ እናመላልስልሃለን።”

ማሩ ቀና ሲል ጓዶቹ ከተራራው ጫፍ ተሰልፈው ከረጢቶቹን ቁልቁል ያያሉ። በጣም ፈርቷል። የሬዲዮውን ቁልፍ ተጫነ።

“ሚካኤል ሜዳ ይባላል፣ ጓድ ሻምበል። ጨርቁንም ያነጠፍነው ለታቦቱ ነበር።”