ሁለት ሆነው አንድ ሠራተኛ

እርጅና ሁሉን ባንድ ጊዜ አይወስድም፤ እየመረጠ ነው የሚለቅም። ከአግማስ ጭንቅላቱን ወሰደና እጁን ተወለት፤ ከፀሐይነሽ እጇን ወሰደና ጭንቅላቷን ተወላት።

ሁለቱም ዕድሜያቸውን የጨረሱት ኮምቦልቻ ካለ አንድ ክር ፋብሪካ ውስጥ ነው። ፀሐይነሽ የተበጠሰ ክር ልትቀጥል ስትል ጣቶቿ ይንቀጠቀጡባታል፤ ጫፍና ጫፉ አልገናኝ ይላታል። አግማስ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀጥላል፤ ዛሬ የነገሩትን ግን ነገ አያውቀውም። ታዲያ ምን ያድርጉ? ተረዳዱ። አለቃ ዞር ሲል እሱ የእሷን ክር ይቀጥላል፤ እሷ ደግሞ ቀጥሎ የሚሠራውን ሹክ ትለዋለች። እንደ ዕውርና አንካሳው ተደጋግፈው ኖሩ፤ ማንም አላወቀባቸውም።

አዲሶቹ ማሽኖች ሲመጡ ነገር ተበላሸ። ለሁለቱ ያለው ቦታ አንድ ነው ተባለ፤ ማሽኑን በተራ ማስነሣትና ክር መቀጠል ይፈተናሉ፤ ያለፈ ይቀራል፣ የወደቀ ይሰናበታል። ፀሐይነሽ ባሏ ሞቷል፤ ጧሪ ልጅ የላትም፤ ጡረታዋም ገና ነው። አግማስም ቢሆን ቤት ሙሉ ሰው እጁን ይጠብቃል።

ጠዋት ጠዋት ከደሴ ፒያሳ በሰርቪስ ሲወርዱ፣ የሐረጎን ቁልቁለት እስኪጨርሱ የአዲሱን ማሽን አነሣስ ታስጠናዋለች።

«መጀመሪያ አየሩን ትከፍታለህ፤ ከዚያ መምጠጫውን፤ ሞተሩን መጨረሻ። ሞተሩን ካስቀደምክ ክሩ ሁሉ ይበጣጠሳል።»

«አየር፣ መምጠጫ፣ ሞተር» ይላል እንደ ተማሪ። ኮምቦልቻ ሲገቡ ጠፍቶበታል። እሷም ሳትሰለች ትደግምለታለች። ደግ ሴት ናት፤ ይህን አልክድም።

የፈተናው ዕለት ፈታኟ ወንጌላዊት ነበረች፤ በልጅነቷ ስትቀጠር ክር አያያዝ ያስተማረቻት ራሷ ፀሐይነሽ ናት። አግማስ ሊገባ ሲል በሩ ላይ የፀሐይነሽን ቀሚስ ጎተት አደረገ።

«ፀሐይ፣ መጀመሪያ የቱ ነበር?»

ፀሐይነሽ እጆቿን አየች። እሱ ሦስቱን ካወቀ፣ ክር መቀጠሉ ላይ ሲፈተኑ ተሰናባቿ እሷ ናት። ከራስ በላይ ነፋስ።

«ሞተሩ» አለችው። «ሞተሩን አስቀድም።»

አመስግኗት ገባ። ሞተሩን አስቀደመ። ክሩ ሁሉ ባንዴ ተበጣጠሰ፤ ቆመው የሚያዩት ወጣት ሠራተኞች ሳቁበት። አንዱማ «ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜ ምን አስጨነቀዎት፣ አርፈው ጸሎትዎን አያደርሱም?» አለው። አግማስ ጣቶቹን እያየ ቆሞ ቀረ።

ፀሐይነሽ ገባችና ሦስቱንም በተራቸው አስኬደች። ወንጌላዊት ደስ አላት። «የእትዬ ፀሐይነሽን እጅማ እኔ ልፈትን? ያስተማረኝ እጅ አይደል እንዴ?» ብላ ክር መቀጠሉን ዘለለችላት።

ሰኞ ፀሐይነሽ ማሽኑ ላይ ብቻዋን ቆመች። አንድ ክር ተበጠሰ። ጣቷን ሰደደች፤ አልያዝ አላት። ሌላው ተበጠሰ፤ ሌላውም። ለምዶባት «አግማስ» ብላ ዞረች፤ አጠገቧ የቆመው የማታውቀው ጎረምሳ ነው። ረፋዱ ላይ የማሽኑ ግማሽ ባዶውን ይሽከረከር ነበር። ወንጌላዊት መጥታ እጇን ያዘቻት፤ መንቀጥቀጡ እስከ ክንዷ ተሰማት።

«ለምን ደበቁኝ፣ እትዬ?» አለቻት። ፊቷ ቀዝቅዟል። ከሰዓት በኋላ የስንብቱን ወረቀት ሰጠቻት።

አግማስ ቱታውን ሊያስረክብ መጥቶ በሩ ላይ ተቀምጧል። ሲያያት ተነሣ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ፀሐይ፣ አሳፈርኩሽ» አላት። «ያን ሁሉ ደክመሽብኝ፣ እበሩ ድረስ መጥተሽ ነግረሽኝ፣ እኔ ደንቆሮው ገልብጬ ያዝኩት። አንቺማ በትክክል ነበር የነገርሽኝ። ይቅር በይኝ።»

ፀሐይነሽ እያንዳንዷን ቃል ታስታውሳለች። ልትነግረው አፏን ከፈተች። እሱ ግን የሚንቀጠቀጡ እጆቿን በእነዚያ ጤነኛ እጆቹ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ ሳማቸው።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለችው።