ጄፍሪ ማውንሲ ወንበሩን ያጣ ዕለት

አቭሪል ብራምሊ ለጄፍሪ ማውንሲ በራሪ ወረቀት ማደል የጀመረችው ጉልበቷ ገና ዳገት በማይፈራበት ዘመን ነው። የካልድሾ ወረዳ ምክር ቤት ምርጫ በመጣ ቁጥር፣ ዝናብም ይሁን ውርጭ፣ የሚል ሌን ሠፈርን በር ለበር ታዳርሳለች። የትኛው ግቢ ተናካሽ ውሻ እንዳለ፣ የትኛዋ አሮጊት ቁጭ ብለው ካላጫወቷት ድምጿን እንደማትሰጥ፣ የትኛው ባል ከሚስቱ ተደብቆ ሌላውን ፓርቲ እንደሚመርጥ አሳምራ ታውቃለች። ጄፍሪም ባሸነፈ ቁጥር መድረክ ላይ ቆሞ "ያለ አቭሪል እኔ ምንም ነኝ" ይላል። ሰው ያጨበጭባል፤ እሷ ፊቷ ይቀላል። ባሏ ሮይ ግን ከኋላዋ ሆኖ "ምንም መሆኑን እንኳ ልክ ብሏል" እያለ በጆሮዋ ያንሾካሹክላትና ያስቃታል።

ሮይ ፖለቲካ አይወድም ነበር። እሱ የሚወደው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለችውን የቦውልስ ሜዳ ነው። በጋ ሲሆን ጡረታ የወጡ ሰዎች ነጭ በነጭ ለብሰው ከባዱን ኳስ በሣሩ ላይ ቀስ አድርገው ያንከባልላሉ፤ ሲመሽ ቢራ ይዘው ማን እንዳጭበረበረ ይጨቃጨቃሉ። ሮይ የሜዳዋን ዳር በጉልበቱ ተንበርክኮ በመቀስ ነበር የሚከረክመው። "ጸጉሬን እንዲህ ብትንከባከብልኝ" ትለው ነበር አቭሪል።

አንድ ቤት ሠሪ ኩባንያ ሜዳዋን ለመግዛት ምክር ቤቱን ሲጠይቅ፣ ጄፍሪ እነአቭሪል ማዕድ ቤት ቁጭ ብሎ፣ የጋገረችውን የፖም ኬክ እየጎረሰ ማለለት።

"ሮይ፣ እኔ እዚያ ወንበር ላይ እስካለሁ ድረስ አንዲት ጡብ አትቀመጥባትም።"

ወር ሳይሞላ ምክር ቤቱ ለውሳኔ ተሰበሰበ። ሮይ ክራቫቱን አስሮ ከተመልካቾች ጋር ተቀምጧል። ሽያጩን የምትደግፉ ሲባል የጄፍሪ እጅ ከሁሉም ቀድማ ወጣች።

"እያየኝ ነው ያወጣት" አለ ሮይ ቤት ሲመለስ። ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ወንበር ላይ ዘጭ አለ። "ዓይኔን እያየ፣ አቭሪል።"

ከዚያ ወዲህ ሮይ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ማለፍ ተወ። በመከር ቡልዶዘሩ ገባ፤ የብርዱ ወራት ሳይወጣ ሮይ ሞተ። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። አቭሪልም ልብ ነው አለች፤ የሚሉት ነገር ግን ለየቅል ነበር። ጄፍሪ ቀብሩ ላይ ጥቁር ለብሶ መጣ፣ እጇን በሁለት እጁ ጨብጦ አጽናናት። እሷ ያን ጊዜ የመጥላት አቅም እንኳ አልነበራትም።

አቅሟ የተመለሰው በመጋቢት ነው። እንደተለመደው የፓርቲው መኪና በሯ ላይ ካርቶን ጥሎላት ሄደ፤ የምታድለው በራሪ ወረቀት ነው። ማሰሪያውን በጥሳ ስትከፍተው ሮይ ፈገግ ብሎ አያት። የአንድ በጋ ፎቶ ነው፤ ጄፍሪ ትከሻውን አቅፎታል። ከሥሩ በደማቁ ተጽፏል፦ "ጄፍሪ ቃሉን የሚያከብር ሰው ነው። ሟቹ ሮይ ብራምሊ፣ የቦውልስ ክለብ።"

ብዙ ቆማ አየችው። ከዚያ ስልኩን አነሣች።

"ጄፍሪ፣ ሮይ ይህን መቼ ነው ያለው?"

"ውይ አቭሪል፣ የኔ ሆድ! ደረሰሽ? ያምራል አይደል? ለሱም መታሰቢያ ይሁነው ብዬ ነው እኮ።"

"መቼ ነው ያለው?"

"እንግዲህ ቃል በቃል ባይሆንም… እንዲህ ዓይነት ነገር ይል ነበር። ደግሞ ሠፈሩ ይወደዋል። ሰው እሱን ሲያይ…"

"ሲያይ አንተን ይመርጣል።"

"አንቺ ደግሞ፣ ነገር አታክርሪ። ለመሆኑ እስከ እሑድ ታዳርሺልኛለሽ?"

"በሩን ሁሉ አንኳኳለሁ" አለችና ዘጋችው።

ካርቶኑን ልታቃጥለው ወደ ጓሮ አወጣችው። ክብሪቱን ጫረች፤ ግን የሮይን ፊት ማቃጠል አልሆነላትም። ዕቃ ቤት ወስዳ ከሣር ማጨጃው ሥር ወሸቀችው። በማግሥቱ ጠዋት ከፓርቲው መልቀቋን አስታውቃ ወደ ምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ሄደች፤ የእጩነት ቅጽ ጠየቀች። ድጋፍ ፈራሚ ስለሚያስፈልጋት መጀመሪያ ያንኳኳችው የኮሊንን በር ነው። ኮሊን ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ከሮይ ጋር ዕድሜ ልኩን ቦውልስ ሲጫወትና ሲጣላ የኖረ።

"አሸንፋለሁ ብለሽ ነው?" አላት።

"አይ።"

"ታዲያ ምን ይሁነኝ ብለሽ?"

"እሱ እንዲሸነፍ።"

ኮሊን እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። "የቱ ጋ ነው የምፈርመው?"

ሂሳቧ ቀላል ነበር። የሌላው ፓርቲ እጩ ቤታን ካርዌል የምትባል ወጣት የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ባለፈው ምርጫ ሁለት መቶ በማይሞላ ድምፅ ነው ጄፍሪ የረታት። አሁን እሱ ካሸነፈ የምክር ቤቱ መሪ እንደሚሆን ተወርቷል፤ ሚስቱ ሮዛሊንድ ለሹመቱ ቀን ኮፍያ ገዝታለች። አቭሪል የቤታንን ደጋፊዎች በር አልነካችም። የጄፍሪን ብቻ፣ በየዓመቱ ራሷ ያሰባሰበችለትን ሰዎች ብቻ፣ አንድ በአንድ ዞረቻቸው። የሰጠችውን ልትወስድበት ነው።

ዘጠናን ያለፉት ወይዘሮ ኤድና በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፈት አድርገው አዩአት።

"ምን ልታደርጊልን ነው የምትወዳደሪው? መንገዱ እንደሆነ ጉድጓድ ብቻ ነው።"

"ምንም አላደርግልዎትም፣ ወይዘሮ ኤድና። አላሸንፍማ።"

"ታዲያ ለምን እመርጥሻለሁ?"

"ጄፍሪ ሮይን ምን እንዳደረገው ያውቃሉ።"

አሮጊቷ በሩን መለስ አደረጉት። ከዚያ ሰንሰለቱ ተንኳኳ። "ግቢ። ውሃ ልጣድ" አሉ።

ጄፍሪ በመጀመሪያ እንደ ቀልድ ነው ያየው። አንድ ቀን ሥጋ ቤቱ በር ላይ አገኛትና ሰው እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ፦

"አቭሪል፣ ሐዘን ሰውን ብዙ ነገር ያደርገዋል፤ አልቀየምሽም። አምሳ ድምፅ ካገኘሽ ራት እጋብዝሻለሁ!"

"ራትዎን ለራስዎ ያቆዩት፣ አቶ ማውንሲ።"

"አቶ ማውንሲ? ከመቼ ወዲህ ነው እኔና አንቺ አንቱ የተባባልነው?"

"እጅዎን ካወጡ ወዲህ" ብላው ሥጋዋን ይዛ ሄደች። በየመንገዱ ዞራ እግሯ አብጦ፣ ከንፈሯ በንፋስ ተሰነጣጥቆ ትገባለች፤ ነገር ግን ሮይ ከሞተ ወዲህ እንደዚያን ሰሞን እንቅልፍ ወስዷት አያውቅም። አንዳንዴ በአንድ ሰው ውድቀት እንዲህ መደሰቷ ያስደነግጣታል። ድንጋጤው ግን አይቆይም።

ቆጠራው የተካሄደው ሐሙስ ድምፅ ተሰጥቶ በማግሥቱ ዓርብ ጠዋት፣ በስፖርት አዳራሹ ውስጥ ነው። ረጃጅም ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል፤ ቆጣሪዎቹ ወረቀቱን በጣታቸው እያርገፈገፉ በየእጩው ይከምራሉ። እጩዎችና ደጋፊዎቻቸው ከመከለያው ገመድ ወዲህ ሆነው አንገታቸውን ያሰግጋሉ። አቭሪል የሮይን የክለብ ክራቫት በሸሚዟ ላይ አስራለች። ኮሊን ሳንድዊች ይዞላት ቢመጣም አልበላችም፤ የምታየው የጄፍሪን ክምር ነው። የሌላ ጊዜ ክምሩ ግድግዳ ነበር፤ ዛሬ ከቤታን ክምር ጋር ትከሻ ለትከሻ ይተያያል። ከጎኑ ደግሞ የሷ ትንሽ ክምር አለች፤ ከአምሳ ግን እጅግ የበለጠች።

ጄፍሪ መሳቅ ተወ። የደረቱን የፓርቲ ሪባን እየነካካ ወዲያ ወዲህ ይላል።

ከቆጠራው ማብቂያ በፊት የምርጫ አስፈጻሚዋ፣ መነጽሯን ጸጉሯ ላይ የሰካች ቀጭን ሴት፣ እጩዎቹን ወደ ጠረጴዛዋ ጠራች። አጠራጣሪ ወረቀቶች ላይ ለመወሰን ነው። አንዱ መራጭ ሦስቱንም ስም ሰርዞ "ሁላችሁም ሌባ ናችሁ" ብሎ ጽፏል፤ እሱ ተጣለ። አንዱ አሳማ ስሏል፤ አሳማው በማን ስም ትይዩ እንደሆነ ሲከራከሩ ቆይተው እሱም ተጣለ። ቀጥሎ የመጣው ወረቀት ላይ በአቭሪል ስም ትይዩ ምልክት አለ፤ ከጎኑ በሚንቀጠቀጥ የእጅ ጽሑፍ "ለሮይ" ይላል።

አቭሪል ጽሑፉን ደግማ አነበበችው።

"ይሄ መጣል አለበት" አለ ጄፍሪ ፈጠን ብሎ። "ሮይ እጩ አይደለም። ሮይ ሞቷል እኮ!"

አቭሪል ቀስ ብላ ዞራ አየችው።

"መሞቱን አሁን አወቁ? በእርስዎ ወረቀት ላይ እኮ ይናገር ነበር።"

አጠገባቸው የነበሩት ቆጣሪዎች እጃቸውን ገቱ። ቤታን ካርዌል ጫማዋን ማየት ጀመረች። የጄፍሪ ፊት ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ። የምርጫ አስፈጻሚዋ መነጽሯን ከጸጉሯ አውርዳ ወረቀቱን መረመረችና፣ "የመራጩ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ የመራጩንም ማንነት አይገልጥም። ይቆጠራል" አለች።

ጄፍሪ ድጋሚ ቆጠራ ጠየቀ፤ ተፈቀደለት። ወረቀቱ እንደገና ተርገፈገፈ፣ እንደገና ተከመረ፤ ውጤቱ ንቅንቅ አላለም። ከሰዓት በኋላ ሦስቱም መድረክ ላይ ወጡ። ቤታን ካርዌል ጄፍሪን የበለጠችው በሠላሳ ሰባት ድምፅ ነው። አቭሪል ብራምሊ ደግሞ ወደ ሁለት መቶ የሚጠጋ ድምፅ አግኝታ ሦስተኛ ወጣች። ቤታን ተመርጣለች ሲባል አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። ከጩኸቱ ሁሉ ጎልቶ የሚሰማው የኮሊን ፉጨት ነበር።

ተሸናፊው ጥቂት ቃል የመናገር ልማድ አለ። ጄፍሪ ማይክሮፎኑን ጨብጦ ስለ አገልግሎቱ ጀመረ፤ መሐል ላይ ድምፁ ከዳው። አቭሪል ከጎኑ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆማ አገጩ ሲንቀጠቀጥ አየች። ዓይኗን አልመለሰችም። እያንዳንዷን ትንፋሽ አንድ በአንድ አጣጣመቻት፤ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

መኪና ማቆሚያው ላይ ሮዛሊንድ ማውንሲ ደረሰችባት። ዓይኗ አብጧል።

"ስንት ዓመት ሙሉ ጓደኛዬ ነበርሽ። በገና በዓል አብረን በልተናል። እንዴት አስቻለሽ?"

"እሱንስ ጠየቅሽው እንዴት አስቻለህ ብለሽ?"

"የምርጫ ቅስቀሳ ኃላፊው ነው ያንን ፎቶ የጨመረው፤ ጄፍሪ እኮ…"

"እጁንም የቅስቀሳ ኃላፊው ነው ያወጣለት?"

"ሮይ ይህን አይወደውም ነበር" አለች ሮዛሊንድ።

"እናንተ ቤት ሰው ሁሉ ሮይ የሚለውን ያውቃል" አለች አቭሪልና የመኪናዋን በር ዘጋችው።

ኮሊን አሣና ድንች ጥብስ ገዝቶ መጣ። መኪናው ውስጥ ተቀምጠው፣ መስታወቱ በእንፋሎት እስኪሸፈን፣ ኮምጣጤው ጣታቸው ላይ እየፈሰሰ በሉ። አቭሪል የራሷን ጨርሳ ከኮሊን ድርሻ ላይ ማንሣት ጀመረች።

ሜዳዋ አልተመለሰችም። ቤቶቹ ተሠርተው አልቀዋል፤ መስኮቶቹ መጋረጃ አውጥተዋል፤ ሮይ ይከረክመው የነበረው ዳር አሁን አስፋልት ነው። ቤታን ካርዌል ደህና ሴት ናት ይሏታል፤ ጉድጓዶቹንም አስደፍናለች። አንድ ቀን ልታመሰግናት መጥታ ነበር። አቭሪል ሻይ አጠጥታ፣ ብስኩት አቅርባ፣ በጨዋ ደንብ ሸኘቻት፤ የፓርቲዋን ወረቀት እንድታድል ስትጠይቃት ግን ጉልበቴን ያመኛል አለች።

ጄፍሪን ያገኘችው በነሐሴ፣ መድኃኒት ቤት ወረፋ ላይ ነው። ከሳ ብሏል፤ ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፍቶታል፤ እንደ ድሮው በየአቅጣጫው ሰላም የሚለው ሰው የለም። ሲያያት ደንገጥ ብሎ ወደ ጎን አለና ተራውን ለቀቀላት።

"እለፊ፣ አቭሪል" አላት በቀጭኑ።

ያሳዝነኝ ይሆን ብላ የራሷን ሆድ ጠየቀች። ሆዷ ዝም አለ። አመሰግናለሁ ሳትል አለፈችው፣ መድኃኒቷን ተቀብላ፣ ደረሰኙን በቦርሳዋ ከትታ፣ በፀሐዩ ላይ ቀስ እያለች ወደ ቤቷ አቀናች።