በስልክ የምታስታርቅ ሴት

ባሌ ደሳለ መምታት የጀመረው ገና በተጋባን ሰሞን ነው፤ ልጅ አልወለድሽም ብሎ የመታኝ ጊዜ ግን ሽማግሎቹ ቤታችን ተቀምጠው አስታረቁን። ለምን ተመታሽ ያለኝ የለም። የነፍስ አባታችን አባ ገብረ ዮሐንስ «አንቺም ምላስሽን ሰብሰብ አርጊ» አሉኝ፤ ምላሴ የሚያስወልድ ይመስል። ደሳለ ጉልበት ስሞ ዳግም ላይመታኝ ማለ፤ ጎረቤታችን አያ አረጋ ዋስ ሆኑት። እውነት ለመናገር ከዚያ ወዲህ እጁን አላነሳም። የሆዴን ግን ማን ጠየቀኝ?

ጓደኛዬ ሰብሌ ባልና ሚስት በስልክ የምታማክር የአዲስ አበባ ባለሙያ አገኘችልኝ። ይህን የሰሙት አያ አረጋ ዱላቸውን ይዘው መጡ።

«ሽምግልናችንን ረግጠሽ ለስልክ ዳኛ ቆመሻል አሉ?»

«እሷ ቢያንስ ትሰማለች፣ አያ።»

«እንግዲያ እኔም ከዋስነቴ ወርጃለሁ።»

«ይውረዱ» አልኋቸው።

እኛ አገር ብልባላ ኔትወርክ የሚይዘው ከመንደሩ በላይ ጉብታው ላይ ነው። እዚያ እየወጣን በቪዲዮ ፊቷን እያየን አወራናት። ጥሩ ነበረች። ደሳለ አባቱ በዱላ ይመታው እንደነበር አንስቶ አለቀሰ፤ ሽማግሌ ፊት ቢሆን ወንድ ልጅ አያለቅስም። አንድ ከሰዓት ደግሞ ወደ እኔ ዞረች።

«ባንቺዓለም፣ እዚህ ማንም አይፈርድብሽም። የደበቅሽው ካለ ተናገሪ፤ እኔ አለሁ።»

አመንኋት።

«ልጅ ያልመጣው እግዜር ነፍጎን አይደለም» አልሁ። «ጤና ኬላ እየሄድሁ መከላከያ መርፌ እወጋለሁ። በሚመታ ሰው ቤት አልወልድም ብዬ።»

የሴትዮዋ ፊት አፏን እንደከፈተች ስልኩ ላይ ደርቆ ቀረ። ከዚያ ጠፋች። ደሳለ ደወለ። ደግሞ ደወለ።

«ኔትወርክ የለም» አለ፣ ረጋ ብሎ። «ያን ሁሉ ጠበል ስወስድሽ... እናቴ ስለት ስትሳል ታዪያት ነበር?»

«እስክትመለስ እንጠብቅ፣ ደሳለ። እሷ ባለችበት እናውራው።»

«የት አለች?»

ዙሪያዬን አየሁ። ሽማግሎቹ ቢሆኑ፣ በዚያ ደንቆሮ ጆሯቸውም ቢሆን፣ አንዱ ተነስቶ መሐላችን በገባ። እዚህ ያለው ድንጋይና ነፋስ ነው።

ስልኩን አጥፍቶ ኪሱ ከተተው። ከትከሻዬ የወረደውን ነጠላ መልሶ አለበሰኝ።

«ተነሽ፣ ቤት እንግባ።»

የጉብታው መውረጃ ቀጭን ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስኬድም። ሁልጊዜ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነበርን። ያን ቀን ቆሞ አሳለፈኝ።

«ቅደሚ» አለኝ።