የሰኞው ዳዊት

«እማሆይ የሺእመቤትማ ጻድቅ ናቸው» ይሉኛል። ወግዱ እቴ! ቆብ ከደፋሁ አምስት ዓመቴ ነው፤ እንደ ሰሞኑ ግን ሰው ሲያመሰግነኝ ደሜ ፈልቶ አያውቅም።

ሰኞ ጠዋት ዳዊቴን እየደገምኩ ነበር። ዳዊት ተይዞ ወሬ የለም፤ ካቋረጡት ከመጀመሪያው ነው ተብለን ነው ያደግነው። መሃል ላይ ስደርስ ኡምኩልሱም ከአጥሩ ወዲያ «የሺዬ! ኧረ ድረሽልኝ!» አለች። አርባ ዓመት አጥር የተጋራን ጎረቤቴ ናት። ፍየሏ አምልጣት ይሆናል አልኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ ቀጠልኩ። ደግማ ጠራችኝ። እኔም ይባስ ጮክ አልኩ። እሷን ላለመስማት እግዜር ላይ ጮህኩበት እኮ!

ስጨርስ ጸጥ ብላለች። ፍየሏን አገኘቻት ብዬ ቁጭ ብዬ ቆሎዬን ቆረጠምኩ። ወደ ስድስት ሰዓት ግድም ልጇ ፋሩቅ ከገበያ ሲመለስ ኡኡታውን አቀለጠው። እናቱ ጓሮ ወድቃ፣ ጭኗ ተሰብሮ፣ ፀሐይ ሲፈጃት አርፍዳለች።

እሑድ ሰንበቴ ላይ ሁሉንም አውጥቼ ተናገርኩ። ይወቅሱኛል ብዬ ነበር። ብርሀንነሽ ብድግ ብላ «ዓለም ቢጠራቸው እንኳ ጸሎታቸውን አያቋርጡም!» ብላ ሴቱን ሁሉ እልል አስባለችው። ኤዲያ! ዓለም መቼ ጠራኝ? የጠራችኝ ኡምኩልሱም ናት! የንስሐ አባቴን ቀኖና ይስጡኝ ብላቸው ደግሞ «ሳያውቁ ነው፤ ምን ኃጢአት አለው?» አሉኝ። ሳላውቅ? እኔ ደንቆሮ ነኝ እንዴ! በግኜ ጥያቸው ወጣሁ።

በማግስቱ መካነ ሰላም ወርጄ ሆስፒታል ገባሁ። ኡምኩልሱም እግሯ ታስሮ በጀርባዋ ተኝታለች። ከስታለች።

«አፉ በይኝ፤ ስትጣሪ ሰምቼሽ ነበር» አልኳት።

«አፉ ብዬሻለሁ» አለች ሳታመነታ፣ እጄን ይዛ። «እኔስ ብሆን ምን ነካኝ? እነታደለ እታች እያረሱ ነበር፤ ብጣራ ይሰሙኝ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ሳትጠሪያቸው?»

«ዳዊት ስትደግሚ ሰማሁሻ። የሺ ካለችልኝ ሌላ ሰው ምን ያደርግልኛል ብዬ ዝም አልኩ።»