ዱልማ የመረጠችው ደጋን

ዱልማ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ሞንጎሎች ቀስት ከሚወዳደሩበት ከናዳም በዓል ቀርታ አታውቅም። በአውራጃው ደጋን ከሚገትሩ ሴቶች እሷን የሚያህል አልነበረም። ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ቀኝ ክንዷ እየሰለለ ነው፤ ዘንድሮ ብሶበታል። የከተማው ሐኪም፣ «ይብሳል እንጂ አይመለስም» ብሏታል። በዓሉ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ፈረሷን ጭና ወደ ደጋን ሠሪው ወደ ሽማግሌው ጃምባል ድንኳን ሄደች።

ጃምባል ጨው የገባበት የወተት ሻይ ቀዱላት።

«ጋሼ ጃምባል፣ ደጋኔ ከበደኝ። ቀለል ያለ ይስጡኝ።»

«መጀመሪያ ሻይሽን ጠጪ። ደጋን እግር የለው፣ አይሸሽሽ።»

ከድንኳኑ ግድግዳ ሁለት ደጋን አወረዱላት። አንዱ በተራራ ፍየል ቀንድ የተለበጠ፣ ጫፎቹ ወደ ውጭ የተቀለበሱ ነው። ሌላው ከአንድ እንጨት የተጠረበ፣ ረጅምና ቀጥ ያለ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? የድንኳን ምሰሶ?»

«ለጀማሪ ልጃገረዶች የምሠራው ነው። ለመሳብ ይቀላል፤ ፍላጻው ግን ሩቅ አይሄድም።»

«መልሰው ይስቀሉት!»

ባለቀንዱን አነሳች። ጅማቱን ስትስብ እስከ ደረቷ መጣ፤ እዚያ ሲደርስ ክንዷ ተንቀጠቀጠና አመለጣት። ደገመች። በሦስተኛው ጥርሷን ነክሳ ስትስብ እንባዋ መጣ።

«ከዚህ የቀለለ የቀንድ ደጋን የለኝም» አሉ ጃምባል።

«እንግዲያው የኔኑ ይሞርዱልኝ። ትንሽ ቢሳሳ...»

ሽማግሌው ባለቀንዱን ተቀብለው ወደ ቦታው ሰቀሉት።

«ሞርጄዋለሁ።»

«ምን አሉ?»

«ለጥገና ባመጣሽው ቁጥር። ሦስት ጊዜ። ካሁን በኋላ ከነካሁት ይሰበራል።»

«አምና ሦስተኛ የወጣሁት...»

«ኢላማውን የመታሽውማ አንቺው ነሽ።»

«ክንዴ ደህና ነው እያልኩ ለሰው ሁሉ ስፎክር፣ እርስዎ እያወቁ!»

«ደስ ብሎሽ ስትመጪ ምን ልበልሽ፣ ልጄ?»

 ዱልማ ተነስታ ረጅሙን እንጨት ከተሰቀለበት አወረደችው። ስትስበው እስከ ጆሮዋ መጣ። ይዛው ወጣች።

በበዓሉ ቀን ከሴቶቹ ጋር ተሰለፈች። የመጀመሪያው ፍላጻ ኢላማው ሳይደርስ ሣር ውስጥ ወደቀ፤ ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው መሬት ላይ ከተደረደሩት የቆዳ ኢላማዎች አንዱን ነካው፤ ግን አልገለበጠውም። ኢላማ ሲገለበጥ እጃቸውን አንስተው የሚያዜሙት ዳኞች፣ ያነሱትን እጅ መልሰው አወረዱ።

አጠገቧ የቆመች ልጅ፣ ዱልማ አሳዘነቻትና፣ «እማማ፣ ለከርሞ ይሻልዎታል» አለቻት።

«ለከርሞ ይሄንንም መሳብ አልችልም» አለች ዱልማ። ተራዋ እስኪያልቅ ግን ከመስመሩ አልወጣችም። የቀሩት ፍላጻዎች አንድ ባንድ ሣሩ ውስጥ ገቡ።