የጉጉት ቤትን የሚፈልግ ሰው

«ይሄን ቃል ልዝጋው እንዴ፣ እትዬ ዐዚዛ? ገንዘብዎን በከንቱ እየበላ ነው» አለ እንዳልካቸው፣ ላፕቶፑን ወደ እሷ እያዞረ።

ዐዚዛ ከአባቷ የወረሰችውን ቤት ማረፊያ አድርጋ እንግዳ በማሳደር የምትተዳደር ሴት ናት። የግርግሩ ዓመት መጥቶ ፈረንጁ ከጎንደር እግሩን ሲሰበስብ ክፍሎቿ ባዷቸውን ቀሩ። ጎግል ላይ ማስታወቂያ አውጪ አሏት፣ አወጣች። ሰው ማስታወቂያውን በነካ ቁጥር እንደምትከፍል እንኳ በቅጡ ሳታውቅ ብሯ ሟሟ። ምን ታድርግ፣ ሥራዬ ብሎ ይህንኑ የሚሠራውን፣ ማራኪ ሰፈር ተከራይቶ የሚኖረውን እንዳልካቸውን ቀጠረች። እሱ ሸጋ አድርጎ ያዘላት፤ እንግዳም ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ።

ሰዎች ምን ብለው ጽፈው ማስታወቂያዋ ጋ እንደደረሱ ኮምፒዩተሩ ያሳያል። እንዳልካቸው የማይረባውን ቃል እየለየ ይዘጋዋል፤ ያን ቃል የጻፈ ሰው ከዚያ ወዲያ ማስታወቂያዋን አያይም። በዚህ ሐሙስ ጠዋት ጣቱን ያሳረፈበት ቃል ግን ዐዚዛን ከወንበሯ አስነሳት። «ጎንደር ማረፊያ የጉጉት ቤት» ይላል።

የጉጉት ቤት የሚባል ማረፊያ በጎንደር የለም። እሷና ታናሽ ወንድሟ ናስር ልጆች ሳሉ፣ ጉጉት ገብቶ ለከረመበት ለላይኛው ክፍል በምስጢር ያወጡለት ስም ነው። ጉጉት ቤት ገባ ብትባል አገር ይያዝልኝ የምትል እናታቸው እንኳ አታውቀውም ነበር። ናስር ደግሞ በመተማ ወጥቶ፣ ሊቢያ ደርሶ፣ ጀልባው ሰጠመ ተብሎ ተለቅሶለታል፤ ሰደቃውም ወጥቷል። ሚስቱን ሪሃናን ቃዲው ከጋብቻው ነጻ ካደረጋት ቆይቷል፤ የፊታችን እሑድ ከሌላ ሰው ጋር ኒካህ ታስራለች። እስከ መቼ ለሙት ትቀመጫለሽ፣ አግቢ እንጂ፣ እያለች የወተወተቻትም ሌላ ማንም ሳይሆን ዐዚዛ ራሷ ናት።

«ማነው የሚጽፈው?» አለች።

«ስም አይታይም። ሁልጊዜ ዓርብ ነው፣ ከጁምዓ በኋላ። ይነካል፣ ያያል፣ አይደውልም።»

«ከየት?»

«መጀመሪያ ከካርቱም ነበር። ከዚያ ከመተማ።» እንዳልካቸው ለምን እንደሆነ ሳይገባው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያለፈው ዓርብ ከዚሁ ከጎንደር።»

ፀሐዩ ጠራራ ሆኖ ሳለ ዐዚዛን ብርድ ብርድ አላት። በመስኮቱ መንገደኛውን አየች፤ የሁሉም ጀርባ የናስር ጀርባ መሰላት። የላይኛው ክፍል ቁልፍ በእጇ ነው፤ ግን እዚያ ላይ ሰው ቀስ ብሎ የሚራመድ መሰላትና ጣሪያውን አንጋጣ አዳመጠች። ደስ ሊላት በተገባ! ወንድሟ አይደል? እሷ ግን ፈራች፤ ፍርሃቷም አሳፈራት።

ለዚህ ቃል ብቻ የሚወጣ ሌላ ማስታወቂያ ይቻል እንደሆነ ጠየቀችው። ይቻላል፣ ቃሉን ካልጻፈ በቀር ማንም አያየውም፣ ምን ልበል አላት። «ና» ልትል አፏን ከፈተች። ሪሃና ትዝ አለቻት፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ስትበረግግ ስንት ዓመት የኖረች፣ ገና ዘንድሮ ጥርሷ የታየ። ዝም ብትል ደግሞ ያ ሰው ምንም ሳያውቅ እሑድ ይደርስና ኒካሁ ይታሰራል።

«ሪሃና እሑድ ኒካህ ታስራለች በል። ከሥሩ ዐዚዛ ብለህ ጻፍ» አለች።

እንዳልካቸው ቀና ብሎ አያትና ጻፈው።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ደወለላት። ሰውዬው ነክቶታል፤ ያለው ጎንደር ነው። ዐዚዛ ወጥታ የግቢውን በር ከፈተችና ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። የሚያልፈውን ወንድ ሁሉ ፊት ፊቱን እያየች አመሸች። ማንም አልገባም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንዳልካቸው እንደገና ደወለ። «ዛሬም ያንኑ ጽፎ ነክቶታል። ከመተማ ነው።»

«ወደ ሱዳን ሊሻገር ነው?»

«ኮምፒዩተሩ ያለበትን ቢያሳይ ነው፣ እትዬ። የሚሄድበትን አያውቅም።»

እሑድ ጠዋት፣ ከዚሁ ቤት የምትዳረው ሪሃና አዲሱን ቀሚሷን እንደለበሰች፣ የጀርባው ቁልፍ አልደርስ ብሏት ወደ ዐዚዛ ክፍል ገባች። ዐዚዛ አልጋው ጫፍ ላይ ስልኳን ይዛ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ምነው፣ ስታለቅሺ አደርሽ እንዴ?» ሪሃና አጠገቧ ተቀመጠች። «ስለ ናስር ነው?»

መተማ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። አሁን ብትነግራት ሪሃና በዚሁ ቀሚስ መኪና እንደምትሳፈር ዐዚዛን አልጠፋትም። ከግቢው የሚዜዎቹ ሳቅ ይሰማል። ስልኩን ትራሱ ሥር አደረገችው።

«አዎ፣ ስለ ናስር ነው» አለች። «በቃ፣ አልቅሼ ጨረስኩ። ዙሪ፣ ልቆልፍልሽ።»