ለያምሮት አጨብጭቡላት

"አጨብጭቡላት!" አለ መምህር ናሁሰናይ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ።

ክፍሉ ጭብጨባ በጭብጨባ ሆነ። በዚህ ትምህርት ቤት የአራተኛ ክፍል ጭብጨባ ራሱን የቻለ ሥርዓት አለው። ሦስት ጊዜ ፈጠን ፈጠን ተደርጎ ይጨበጨባል፣ አንዴ ጠንከር ይላል፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ባንድ ድምፅ "ጎበዝ!" ይላሉ። ሕፃናቱ ከትምህርቱ ይልቅ ይህን ይወዱታል። የተጨበጨበላት ያምሮት ግን ሕፃን አይደለችም። ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ስትቀመጥ ጉልበቷ ከዴስኩ ጋር ስለሚጋጭ ወደ ጎን ዞር ብላ ነው የምትማረው። የተጠየቀችው ስምንት ለሁለት ሲካፈል ስንት እንደሚሆን ነበር። "አራት" አለች። ያ ሁሉ ጭብጨባ ለዚህ ነው።

"እሰይ የኛ እማማ!" አለች ከፊት ወንበር አንዲት ጥርሰ ወላቃ ልጅ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ናሁሰናይም ሳይታወቀው ፈገግ አለ። ያምሮት አልተቀመጠችም። ደብተሯን በነጠላዋ ጠቅልላ በወንበሮቹ መሀል አልፋ ወጣች። በሩን እንኳ አላንጓጓችውም፣ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። ናሁሰናይን ያስደነገጠው ይኸው ቀስ ማለቷ ነው። ቢሆንም ጠመኔውን አንሥቶ ወደ ሰሌዳው ዞረ።

እውነቱን ለመናገር ያምሮት እጇን አላወጣችም ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ማንም ጠይቃት ያለው የለም። ከክፍሉ ጥግ የአካባቢውን ትምህርት ቤቶች የሚቆጣጠሩት የክላስተሩ ሱፐርቫይዘር አቶ እጅጉ ናሁሰናይን ሊመዝኑ ተቀምጠው ይመለከቱታል። ወደ ኋላ የቀሩትን እንደሚያሳትፍ ሊያሳያቸው ፈለገና ጣቱን ወደ መጨረሻው ወንበር ዘረጋ። ቀላል ጥያቄ የመረጠላትም እንዳትሳሳት ብሎ ነው። በቅንነት ያደረገው ነገር ነው። ግን ልጅቱ ከክፍል ወጥታለች፤ ከወጣች ደግሞ ወዴት እንደምትሄድ ያውቃል።

አባቷ ቄስ ክንፈሚካኤል መስከረም ላይ ሊያስመዘግቧት ሲመጡ በግልጽ ነግረውት ነበር። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። በዚያ ላይ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ የቆየባቸው ዓመታት ተጨመሩ። "ልማር ብላ ስለለመነችኝ ነው። እስከፈለገች ትማር። የተወች ዕለት ግን አክስቷ ዘንድ ትሄዳለች፤ ደጅ ቁማ የምትውል ልጅ የለኝም" ነበር ያሉት። አክስቷ አቻምየለሽ ፍኖተ ሰላም ላይ ምግብ ቤት አላት። የያምሮት ታላቅ እኅት ወለተ ሐናም "ማታ ማታ ትማራለች" ተብላ ወደዚያው ሄዳ ነበር። እስከ ዛሬ ሳህን ታጥባለች። አክስትየዋ ለኅዳር ሚካኤል መጥታ ሰንብታ ዛሬ ልትመለስ መሆኑን ደግሞ መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ናሁሰናይ ወደ በሩ ተጣደፈ። አቶ እጅጉ ቀደሙትና ክንዱን ይዘው ወደ መምህራን ማረፊያ ወሰዱት።

"ቁጭ በል። ዛሬ ደስ አሰኝተኸኛል።"

"ጋሸ እጅጉ፣ አንዲት ተማሪ ወጥታ..."

"ቆይ ልጨርስ። አዎንታዊ ማጠናከሪያ፣ ሙሉ ነጥብ! ልጅቱ መለሰች፣ አንተ ሳትዘገይ አስጨበጨብህላት። ማጠናከሪያ ከዘገየ ጉልበት የለውም። ስንቱ መምህር ነው ይህን ቃል አውቆ በተግባር የማያውቀው!"

አቶ እጅጉ ክፉ ሰው አይደሉም። ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት በእግራቸው የሚዞሩ፣ ጫማቸው ከአቧራ ተለይቶ የማያውቅ ሰው ናቸው። ችግራቸው አንድን ነገር ስም ካወጡለት በኋላ ዞር ብለው አለማየታቸው ነው።

"ወጥታ ሄደች እኮ" አለ ናሁሰናይ።

"ሽንት ይዟት ይሆናላ።"

ናሁሰናይ አልሳቀም። ኮሌጅ ሳለ የትምህርት ሥነ ልቦና ያስተማረችው መምህርት ትዝ አለችው። "ማጠናከሪያ መሆን አለመሆኑን የሚነግራችሁ የእናንተ ደግ ልብ አይደለም" ትል ነበር። "ተማሪው ቀጥሎ የሚያደርገውን እዩ። ያንኑ ከደገመ አጠናክራችሁታል። ከተወው ግን ቀጥታችሁታል፤ ከረሜላም ብትሰጡት ቅጣት ነው።" ይኸው ነገር ፈተና ላይ መጥቶ በትክክል መልሶታል። መስከረም ላይ ያምሮት በየክፍለ ጊዜው እጇን ታወጣ ነበር። ለማበረታታት ብሎ ያስጨበጭብላት ጀመር። በጥቅምት እጇ አልፎ አልፎ ብቻ ነበር የሚነሣው። እሱ ደግሞ "ፈርታ ነው" ብሎ ጭብጨባውን ጨመረበት። ኅዳር ሲገባ ጨርሶ ተወች። ሦስት ወር ሙሉ እጇን እየመታ ሲያወርደው የኖረው እሱ ራሱ ነበር፣ ያውም ክፍሉን ሁሉ አስተባብሮ።

በሩ ተከፈተና የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አንገታቸውን አስገቡ።

"መምህር፣ የቄስ ክንፈሚካኤል ልጅ ፌስታሏን አንጠልጥላ ወደ አስፋልት ስትወርድ አየኋት። አክስቷም አለች። አውቀውት ይሆን ብየ ነው።"

ናሁሰናይ ብድግ አለ።

"የት ነው?" አሉ አቶ እጅጉ። "ገና ውይይቱ መች ተጀመረና!"

"ደርሼ እመለሳለሁ።"

"እኔ ሌላ ትምህርት ቤት ይጠብቀኛል። ያለ ውይይት ውጤት እንደማይሞላ ታውቃለህ። የዝውውርህ ነገር እንዴት ሊሆን ነው?"

ሚስቱ አራስ ልጃቸውን ይዛ ቡሬ ናት። በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚያያቸው። ዝውውር የጠየቀውም ወደ እነሱ ለመጠጋት ስለሆነ የአቶ እጅጉ ጥያቄ ልቡን ነካው። "ይቅርታ ያድርጉልኝ" ብሎ ወጣ።

ከግቢው እንደ ወጣ መሮጥ ጀመረ። መምህር ሲሮጥ ማየት ለአገሩ ደንብ አይደለም። ግራና ቀኝ ጤፍ የሚያጭዱት ገበሬዎች ቀና ብለው "ምን ሆነ? ማን ሞተ?" ብለው ጮኹበት። ቁልቁል አስፋልቱ ዳር ነጫጭ ልብስ የለበሱ ሦስት ሰዎች ቆመው አየ፤ ከቡሬ በኩል ገና መኪና አልመጣም።

ሲደርስ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። ቄስ ክንፈሚካኤል መቋሚያቸውን ተደግፈው አዩት።

"እንዴት ዋሉ አባ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ" አሉ ቄሱ።

"አልሄደችም እኮ ገና።"

"ልቧ ሄዷል። ቤት ስትገባ አንዲት ቃል ሳትናገር ነው ልብሷን የሰበሰበችው። ምን እንዳደረጋችኋት እኔ አልጠይቅህም። ቃሌን ግን ሰምተኸዋል።"

ናሁሰናይ ወደ ያምሮት ዞረ። እሷ ግን የምታየው መንገዱን ነው።

"ያምሮት፣ ጥፋቱ የኔ ነው። አንች ጎበዝ ተማሪ ነሽ..."

"ጎበዝ!" አለች ዞር ብላ። እንዲህ ባለ ድምፅ ስትናገር ሰምቷት አያውቅም። "ጎበዝ የሚባለው ሕፃን ቁሞ ሲሄድ ነው። ስምንት ለሁለት! እኔ ቡሬ ገበያ ሽንኩርት ይዠ ወርጀ ከነጋዴ ጋር ስከራከር ውየ የምገባ ሰው ነኝ። እርስዎ አራት ስላልሁ ያስጨበጭቡብኛል። አላውቅም ብል ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ ዝም ይሉኝ ነበር።"

"ልክ ነሽ" አለ።

አክስትየዋ አቻምየለሽ ነጠላዋን አጣፍታ መሀላቸው ገባች። "መምህርየ፣ አይቸገሩ። ልጅቱ እኔ ዘንድ ትከብራለች። ከፈለገችም በማታ ትማራለች።"

"ወለተ ሐናም በማታ ልትማር ነበር የሄደችው" አለ ናሁሰናይ።

ቄስ ክንፈሚካኤል መሬት መሬቱን ማየት ያዙ። ናሁሰናይ የሰው ቁስል መንካቱን ወዲያው አወቀ፤ ቢሆንም ቃሉን መልሶ ሊውጠው አልፈለገም።

ይህን ጊዜ ሚኒባሱ ከጉብታው ላይ ብቅ አለ። ረዳቱ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ "ፍኖተ ሰላም! ፍኖተ ሰላም!" እያለ ይጮኻል። መኪናው ቆመ። ረዳቱ ወርዶ የያምሮትን ፌስታል ተቀበላትና ወደ ላይ፣ ወደ ዕቃ መጫኛው ወረወረው። አቻምየለሽ ገባች። ያምሮት የአባቷን መስቀል ተሳልማ አንድ እግሯን መረገጫው ላይ አሳረፈች።

ናሁሰናይ ልመናውም ምክሩም አልቆበታል። እጁ ላይ የቀረው መምህርነቱ ብቻ ነበር።

"ያምሮት! ግማሽና ሲሶ ሲደመር ስንት ነው?"

የአራተኛ ክፍል ጥያቄ አይደለም። ያምሮት ከእልኋ ብዛት ዞር እንኳ ሳትል መለሰችለት።

"ሁለት አምስተኛ!"

"ጎበዝ!" አለ ረዳቱ እየሳቀ። "በይ ግቢ።"

"ተሳስተሻል" አለ ናሁሰናይ።

"ኧረ ምነው መምህር!" አለች አቻምየለሽ ከውስጥ። "ልጅቱን ስትሄድ እንኳ አይተዋትም?"

ያምሮት ግን ዞራ ነበር። "አንድና አንድ ሁለት፣ ሁለትና ሦስት አምስት። የት ላይ ነው የተሳሳትሁት?"

"ግማሽ ቁና ጤፍ አለሽ እንበል። ሲሶ ቁና ጨመርሽበት። አሁን ያለሽ ጤፍ ከግማሽ ቁና ይበልጣል ያንሳል?"

"ጨምሬበት? ይበልጣል እንጅ!"

"ሁለት አምስተኛ ከግማሽ ይበልጣል?"

አፏን ከፍታ ዘጋችው። ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ከውስጥ አንድ ተሳፋሪ "እንሂድ እንጅ!" አለ። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ናሁሰናይን ደግ ነገር ሊናገር ምላሱን ይበላው ነበር፣ ጥርሱን ነክሶ ያዘው።

"ያንሳል" አለች በመጨረሻ። ፊቷ በቁጣ ተለዋወጠ፤ ቁጣው ግን በእሱ ላይ አልነበረም። "ጨምሬበት እንዴት ያንሳል? እና ስንት ነው?"

"ኧረ ይንገሯትና እንሂድ በእግዚአብሔር!" አለች አቻምየለሽ።

"ሒሳብ ፍኖተ ሰላምም አለ፣ ግቢ" አለ ረዳቱ።

ያምሮት እግሯን ከመረገጫው አወረደች። ከመንገዱ ዳር አንድ ጭራሮ አነሣችና ቁጢጥ ብላ አቧራው ላይ ረዥም መስመር አሰመረች። መሀሉን ቆረጠችው። ከበታቹ ሌላ መስመር አሰምራ ሦስት ቦታ ከፈለችው። ግማሹንና ሲሶውን እያስተያየች፣ ሁለቱን ባንድ ልክ የሚቆርጥ ነገር ስትፈልግ ጭራሮው ወዲያና ወዲህ አለ። አንዴ አራት ቦታ ሞከረችና በመዳፏ አጠፋችው። ጥሩምባው ደግሞ ጮኸ። ቄስ ክንፈሚካኤል መቋሚያቸውን ወደ ሾፌሩ አንሥተው "አንተ፣ ቆይ እስቲ" አሉና ከልጃቸው ራስ በላይ ጎንበስ ብለው መስመሩን አዩ።

ናሁሰናይ አጠገቧ ቁጢጥ አለ። "እዪው፣ ሁለቱንም..."

"አይንገሩኝ" አለች ቀና ሳትል። ከዚያ በግራ እጇ ወደ መኪናው ጣራ አመለከተች። "ፌስታሌን አውርድልኝ" አለችው ረዳቱን።